ብርሃን ውኃን ሲሰነጥቅ፦ ናኖ ቁሶች ከፀሐይ ሃይድሮጅን በማምረት ሥራ ውስጥ ያላቸው ድርሻ

በጃፓን ኢባራኪ ግዛት ካኪዮካ በሚባል ስፍራ፣ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ካዙናሪ ዶሜንና የሥራ ባልደረቦቹ 100 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ሰሌዳ ሜዳ ላይ ተክለው ለወራት ሲከታተሉት ቆይተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2021 «ኔቸር» በተባለው ሳይንሳዊ መጽሔት አሳትመዋል። ሰሌዳው እያንዳንዳቸው 25 በ25 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ 1,600 ጠፍጣፋ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ሰው በየጣሪያው ላይ ከምናውቀው የሶላር ፓነል ብዙም አይለይም፤ ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ውኃውን የሚሰነጥቅ ኤሌክትሪክ የሚያመጣ አንድም ሽቦ የለበትም። በላይኛው መስተዋትና ከሥሩ በተነጠፈው፣ ደቃቅ ዱቄት በተቀባ ሉህ መካከል የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የምታህል ክፍተት አለች። ውኃ በዚያች ክፍተት ይገባል፤ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ኦክሲጅን ይለያያል፤ ጋዙም አረፋ እየሆነ ወደ ላይ ይወጣና በቱቦ ይሰበሰባል። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ዱቄቱ ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ መነገር ያለበት አንድ ቁጥር አለ። በሰሌዳው ላይ ካረፈው የፀሐይ ኃይል ውስጥ ወደ ሃይድሮጅን ተለውጦ የተያዘው ቢበዛ 0.76 በመቶ ነበር፤ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። ይህ የምርምር ዘርፍ ከተጀመረ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ስለሆነ፣ ቁጥሩ ለምን ይህን ያህል አነሰ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ናኖ ቁሶች፣ ማለትም መጠናቸው በናኖሜትር (በአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ) የሚለካ ቁሶች፣ የሚገቡትም እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ ስለ እነርሱ ሲወራ «ቁሱ በደቀቀ መጠን ገጹ ይሰፋል» በሚል አጭር መልስ ይታለፋል። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ይሁን እንጂ የጉዳዩን ዋና ነገር አይነካም። ዋናው ነገር ብርሃን የሚቀሰቅሰው የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ሳይጠፋ ሥራው ቦታ እንዲደርስ መንገዱን ማሳጠር ነው፤ ይህን ለማየት ግን በመጀመሪያ በዱቄቱ ውስጥ ምን እንደሚከናወን መረዳት ያስፈልጋል።

በዱቄቱ ውስጥ የሚሆነው

ሃይድሮጅን ዛሬም በብዛት የሚመረት ጋዝ ነው። ዓለም በዓመት ከ90 ሚሊዮን ቶን በላይ ያመርታል፤ ለማዳበሪያ፣ ለነዳጅ ማጣሪያና ለልዩ ልዩ የኬሚካል ሥራ ይውላል። ችግሩ አብዛኛው የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል መሆኑ ነው፤ ከተፈጥሮ ጋዝ አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ሲወጣ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብሮ ወደ አየር ይለቀቃል። 9 ኪሎ ውኃ ሲሰነጠቅ ደግሞ 1 ኪሎ ሃይድሮጅንና 8 ኪሎ ኦክሲጅን ይሰጣል፤ ሃይድሮጅኑ ሲቃጠል ተመልሶ ውኃ ይሆናል፤ ጭስ የለውም። ይሁን እንጂ የውኃ ሞለኪውል በቀላሉ አይለያይም። ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮን ቢያንስ 1.23 ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል መክፈል ግድ ነው፤ በተግባር በመንገድ ላይ የሚባክነው ሲታሰብ ከዚያ በጣም የበለጠ ያስፈልጋል።

ይህን ክፍያ ከብርሃን ተቀብሎ ለውኃው የሚያስተላልፈው ቁስ ፎቶካታሊስት ይባላል። ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ሲሆን፣ ፎቶካታሊስት ደግሞ ይህን የሚያደርገው በብርሃን ኃይል ነው። ለዚህ ሥራ የሚመረጡት ከፊል አስተላላፊ ወይም ሴሚኮንዳክተር የምንላቸው ቁሶች ናቸው። በእነርሱ ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ እንደሚኖሩ ሰዎች ማሰብ ይቻላል፤ ምድር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ፎቁ ባዶ ነው፣ በመካከል ማረፊያ የለም። በምድር ቤቱና በፎቁ መካከል ያለው ልዩነት የኃይል ክፍተት ይባላል። በቂ ኃይል ያለው የብርሃን ቅንጣት፣ ማለትም ፎቶን፣ ሲመጣ አንዱን ኤሌክትሮን ወደ ፎቁ ያስፈነጥረዋል፤ ከታች ደግሞ የለቀቀው ስፍራ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ይህ ባዶ ስፍራ «ቀዳዳ» ይባላል፤ የአጠገቡ ኤሌክትሮን እየገባበት ስለሚዛወር ቀዳዳው ራሱ እንደ አንድ ተጓዥ ሙል ሆኖ ይንቀሳቀሳል።

ከዚህ በኋላ ሁለቱም ወደ ቁሱ ገጽ መድረስ አለባቸው። ፎቅ የወጣው ኤሌክትሮን ገጹ ላይ ለሃይድሮጅን አዮን ይሰጥና ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል፤ ቀዳዳው ደግሞ ከውኃው ኤሌክትሮን ይነጥቅና ኦክሲጅን ይወጣል። አንድ የኦክሲጅን ሞለኪውል ለማውጣት አራት ቀዳዳዎች ተከታትለው መድረስ አለባቸው። ይህ የኦክሲጅኑ ሥራ ዝግተኛና አስቸጋሪ ነው፤ በዘርፉ ያሉ ሰዎች አብዛኛውን ራስ ምታት የሚያገኙት ከዚህ በኩል ነው።

ነገሩ መጀመሪያ የታየው በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ነው። አኪራ ፉጂሺማ ገና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለ በ1960ዎቹ መገባደጃ በኬኒቺ ሆንዳ አማካሪነት ሲሠራ፣ ውኃ ውስጥ የተነከረ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ክሪስታል ላይ ብርሃን ሲያበራ ጋዝ መውጣቱን አስተዋለ። ሁለቱ ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1972 በ«ኔቸር» አሳተሙ። በዓመቱ የነዳጅ ቀውስ ዓለምን ሲያናውጥ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ወደዚህ ጉዳይ ፊታቸውን አዞሩ። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ብርቅ ነገር አይደለም፤ የግድግዳ ነጭ ቀለም ውስጥ፣ በጥርስ ሳሙና ውስጥ፣ ፀሐይ ቆዳን እንዳያቃጥል በሚቀባ ክሬም ውስጥ ያለው ያው ነጭ ዱቄት ነው።

ነጭ መሆኑም ራሱ ችግሩን ይመሰክርበታል። አንድ ነገር ነጭ ሆኖ የሚታየን ዓይናችን የሚያያቸውን ቀለማት ሁሉ መልሶ ስለሚረጫቸው ነው። የተለመደው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዓይነት የኃይል ክፍተቱ 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ387 ናኖሜትር ገደማ በታች የሆነ ብርሃን ካልመጣለት ኤሌክትሮን ወደ ፎቅ አይወጣም። ዓይናችን ማየት የሚጀምረው ከ400 ናኖሜትር አካባቢ ነው። እንግዲህ ዱቄቱ የሚጠቀመው አልትራቫዮሌቱን ብቻ ሲሆን፣ እሱም ምድር ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል 5 በመቶ ቢሆን ነው። የካኪዮካው ሰሌዳ የተሠራበት ስትሮንሺየም ቲታኔትም የኃይል ክፍተቱ በዚያው መጠን ስለሆነ፣ 0.76 በመቶ የሚለው ቁጥር በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው። ቁሱ ከተሰጠው ብርሃን ውስጥ የቀረውን አያየውም።

የተሰነጠቀ እንስራ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብርሃኑ ኤሌክትሮኑን ፎቅ ካወጣው በኋላ ሁለቱ ተጓዦች፣ ኤሌክትሮኑና ቀዳዳው፣ ተመልሰው የመገናኘት ብርቱ ዝንባሌ አላቸው። ሲገናኙ የተቀበሉት ኃይል ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ምንም ሥራ አልተሠራም። ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ከሰከንድ ቢሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ጀምሮ እስከ ሚሊዮንኛ ባለው ውስጥ ነው፤ በገጹ ላይ ኦክሲጅን የማውጣቱ ሥራ ግን ከዚያ እጅግ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ውድድሩ ገና ሲጀመር ሚዛኑ ያዘነበለ ነው።

የተሰነጠቀ እንስራ ይዞ ከወንዝ ውኃ የሚቀዳን ሰው እናስብ። እንስራው በየእርምጃው ያፈሳል። ቤቱ ሩቅ ከሆነ ባዶ እንስራ ይዞ ይገባል። ሁለት መፍትሔዎች አሉ፤ አንደኛው ስንጥቁን መድፈን፣ ሁለተኛው ቤቱን ወንዝ ዳር መሥራት። በፎቶካታሊስት ዓለም ስንጥቁን መድፈን ማለት የክሪስታሉን እንከን መቀነስ ነው፤ ምክንያቱም እንከን ያለበት ስፍራ ሁሉ ኤሌክትሮንና ቀዳዳ የሚገናኙበት ወጥመድ ይሆናል። ቤቱን ወንዝ ዳር መሥራት ደግሞ ቁሱን በናኖ መጠን ማዘጋጀት ነው፤ ብርሃኑ ሙሉን የሚፈጥርበት ቦታና ሙሉ የሚሠራበት ገጽ አጠገብ ለአጠገብ እንዲሆኑ ማድረግ።

ይህን ከዝገት በላይ አጥርቶ የሚያሳይ ምሳሌ የለም። የቆርቆሮ ጣሪያን የሚበላው ቀይ ዝገትና የቀይ አፈራችን ቀለም ዋና ምንጭ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ከብረት ኦክሳይዶች አንዱ፣ ሔማታይት የሚባለው፣ የኃይል ክፍተቱ 2.1 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው። ይህም ማለት ከአልትራቫዮሌቱ አልፎ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ብርሃን፣ እስከ ቢጫው ድረስ፣ መጠቀም ይችላል። ርካሽ ነው፣ መርዝ የለውም፣ ውኃ ውስጥ አይሟሟም፣ በምድር ላይ ሞልቷል። በወረቀት ላይ ሲሰላ እስከ 15 በመቶ ገደማ ውጤት ሊሰጥ ይገባ ነበር። ነገር ግን በሔማታይት ውስጥ ቀዳዳ ሳይጠፋ መጓዝ የሚችለው ከ2 እስከ 4 ናኖሜትር ብቻ ነው፤ ብርሃን ግን እስኪዋጥ ድረስ ከ100 ናኖሜትር በላይ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። እንግዲህ ብርሃኑን ሁሉ እንዲውጥ ወፍራም ብናደርገው ሙሉ ውስጥ ይሞታል፤ ሙሉ እንዲደርስ ስስ ብናደርገው ብርሃኑ አልፎት ይሄዳል።

ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣው ቅርጽ ነው። ቁሱን እንደ ጠፍጣፋ ግድግዳ ሳይሆን እንደ ጥቅጥቅ ያለ የሣር መስክ፣ ወይም እንደ አበባ ጎመን ራስ፣ አድርጎ ማብቀል ይቻላል። በስዊዘርላንድ ሎዛን የሚገኘው የሚካኤል ግሬትዘል ቡድን በ2000ዎቹ አጋማሽ የሠራው ሔማታይት እንዲህ ያለ የአበባ ጎመን መልክ ነበረው። ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች በሣሩ ርዝመት ሲጓዝ ረጅም መንገድ ስላለው ይዋጣል፤ ቀዳዳው ግን ወደ ጎን፣ በሣሩ ቅጥነት በኩል፣ ጥቂት ናኖሜትር ተጉዞ ውኃው ጋ ይደርሳል። የብርሃንን መንገድና የሙሉን መንገድ መለያየት፣ አንዱን እያስረዘሙ ሌላውን ማሳጠር፣ ናኖ ቁስ ካመጣቸው ሐሳቦች ሁሉ የላቀው ይህ ይመስለኛል። እርግጥ ነው ሔማታይት ብቻውን ሃይድሮጅን አያወጣም፤ የፎቁ ከፍታ ለዚያ አይበቃምና ከውጭ ተጨማሪ ቮልቴጅ ወይም አጋር ቁስ ይሻል።

የገጽ ስፋት ጉዳይም የራሱ ቦታ አለው። የተቆላ ቡና በፍሬው ጀበና ውስጥ ቢጨመር ይህ ነው የሚባል ቡና አይወጣውም፤ ሲወቀጥ ግን ውኃው የሚነካው ገጽ ስለሚበዛ ያለውን ሁሉ ይሰጣል። ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኪዩብ የገጹ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ያንኑ ኪዩብ ጎናቸው 10 ናኖሜትር ወደሆነ ኪዩቦች ብንከፋፍለው ጠቅላላ ገጹ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። በቤተ ሙከራዎች ሁሉ እንደ መለኪያ የሚያገለግለው ፒ25 የተባለው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት አንዱ ግራም 50 ካሬ ሜትር ገደማ ገጽ አለው። በሻይ ማንኪያ ጫፍ የምትያዝ ዱቄት የአንድ አነስተኛ መኖሪያ ቤት ወለል ታህላለች ማለት ነው።

ማነስ የማይጠቅምበት ጊዜ

እስካሁን የተነገረውን የሰማ ሰው «እንግዲያው ማድቀቅ ነው» ሊል ይችላል። ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም፤ ብዙ ጽሑፎች ሳያነሡት የሚያልፉትም ይህንን ነው። የክሪስታል ገጽ ራሱ የእንከን ቦታ ነው። ገጽ በሰፋ ቁጥር ሙል የሚሠራበት ስፍራ ብቻ ሳይሆን ሙል የሚጠፋበት ወጥመድም ይበዛል፤ ቤቱን ወንዝ ዳር ስንሠራ እንስራው ላይ አዲስ ስንጥቅ እየጨመርን ነው። ከዚህም ሌላ ቁሱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ሲሆን የኃይል ክፍተቱ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ባዌንዲ፣ ብሩስና ኤኪሞቭ ያጠኑት ይህንኑ ክስተት ነው፤ ያው ቁስ በመጠኑ ብቻ ቀለሙን ይለውጣል። ለቴሌቪዥን መስታወት ይህ በረከት ነው፤ ብዙ የፀሐይ ብርሃን ለመዋጥ ለሚፈልግ ፎቶካታሊስት ግን መስፋቱ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ደቃቅ ዱቄት ውኃ ውስጥ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይጓጉላል፤ ከውኃው መልሶ ማውጣትም አስቸጋሪ ነው፤ በካኪዮካ ዱቄቱ ሉህ ላይ የተቀባውም በከፊል ለዚህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የዶሜንና የጹዮሺ ታካታ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመው ሥራ ነው። አሉሚኒየም በጥቂቱ የተቀላቀለበት ስትሮንሺየም ቲታኔት ወስደው፣ ከ350 እስከ 360 ናኖሜትር ባለው ብርሃን፣ ከሚመጡት ፎቶኖች እስከ 96 በመቶ የሚሆኑትን ውኃ ለመሰንጠቅ አውለዋል። ይህ ማለት ከተፈጠረው ሙል በመንገድ ላይ የጠፋ የለም ማለት ይቻላል። ቅንጣቶቹ ግን እጅግ ደቃቅ አልነበሩም፤ በመቶዎች ናኖሜትር የሚቆጠር መጠን ያላቸው፣ እንከናቸው የተወገደ፣ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ንጹሕ ክሪስታሎች ነበሩ። በክሪስታሉ አንድ ዓይነት ፊት በኩል ኤሌክትሮኖች፣ በሌላው ዓይነት ፊት በኩል ቀዳዳዎች መውጣት ይቀናቸዋል፤ ተመራማሪዎቹም በኤሌክትሮኖቹ በር ላይ የሮዲየም ነጥቦችን፣ በቀዳዳዎቹ በር ላይ የኮባልት ውሕድን አስቀመጡ። እነዚህ ረዳት ካታሊስቶች ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ናቸው። የሮዲየሙን ነጥብ ደግሞ ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ልባስ ይሸፍነዋል፤ ልባሱ ሃይድሮጅን እንዲወጣ ይፈቅዳል፣ ኦክሲጅን እንዲገባ ግን አይፈቅድም፤ ስለዚህ የተለያዩት ጋዞች ሮዲየሙ ላይ ተመልሰው ተገናኝተው ውኃ አይሆኑም። በዚህ ሥራ ናኖው ያለው በዱቄቱ መጠን ሳይሆን በሩ ላይ በተደረገው ጥንቃቄ ነው። ስንጥቁም ተደፍኗል፣ መንገዱም ተለይቷል። የቀረው የብርሃኑ ቀለም ብቻ ነው።

ያም ቀላል ችግር አይደለም። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ውስጥ ናይትሮጅን በመቀላቀል ነጩን ዱቄት ቢጫ ማድረግ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ2001 ታይቷል፤ የተቀላቀለው ባዕድ ነገር ግን ብርሃኑን ቢያበዛም ብዙ ጊዜ ወጥመድ ይሆናል። ካድሚየም ሰልፋይድ ብርሃን በመዋጥ ረገድ ደህና ነው፤ ነገር ግን ቀዳዳዎቹ ውኃውን ትተው ራሱን ቁሱን ያሟሙታል፣ ካድሚየሙም መርዝ ነው። እንዲህ ያለውን ቁስ ለመጠጥ ውኃም ሆነ ለእርሻ ቅርብ በሆነ ስፍራ መዘርጋት ለእኔ የሚታሰብ አይደለም።

ለአገራችን አንባቢ ቅርብ የሚሆነው ካርቦን ናይትራይድ ነው። በጀርመን ፖትስዳም በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ይህ ቁስ በሚታይ ብርሃን ከውኃ ሃይድሮጅን እንደሚያወጣ አሳዩ። በውስጡ ብረት የለም፤ ከካርቦንና ከናይትሮጅን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ ገበሬው ሁሉ የሚያውቀው ዩሪያ ነው። ነጩ የዩሪያ ፍሬ በተከደነ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ሆኖ እስከ 550 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲጋል አሞኒያ እየለቀቀ ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ እፍ ቢሉት የሚበን ቢጫ ዱቄት ይሆናል። የሚለቀቀው ጋዝ ሳንባ የሚጎዳ ስለሆነ ጭስ መሳቢያ ባለው ቤተ ሙከራ ካልሆነ የሚሞከር አይደለም። የኃይል ክፍተቱ 2.7 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ስለዚህ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል። ሲሠራ ድርብርብ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ድርቡን ገላልጦ እንደ ስስ ቅጠል ማድረግ ሙሉ የሚጓዝበትን መንገድ ያሳጥረዋል። እዚህም ያው የእንስራው ነገር ነው።

ሌላው መንገድ ከተክል የተቀዳ ነው። ቅጠል ሁለት የብርሃን መቀበያዎች ተቀባብለው እንዲሠሩ ያደርጋል፤ አንዱ ውኃውን ሰንጥቆ ኤሌክትሮኑን ያስረክባል፣ ሌላው እንደገና በብርሃን ከፍ አድርጎ ይጠቀምበታል። የዶሜን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት ዓይነት ዱቄት በስስ የወርቅ ንጣፍ ላይ ጎን ለጎን ተክሎ፣ ወርቁን ኤሌክትሮን መሻገሪያ ድልድይ አድርጎ፣ 1.1 በመቶ ደርሷል። አሜሪካ በሚገኘው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዘቲያን ሚ ቡድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ኢንዲየም ጋሊየም ናይትራይድ የተባለ ቁስ እንደ ናኖ ሽቦ አብቅሎ፣ የፀሐይን ብርሃን በሌንስ አጠናክሮ፣ ውኃውም ወደ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሞቅ በማድረግ 9.2 በመቶ ማግኘቱን አሳይቷል፤ ከቤት ውጭ በተፈጥሮ ፀሐይ ሲሞከር 6.2 በመቶ ሆኗል። ሙቀቱ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ተመልሰው ውኃ እንዳይሆኑ ያግዛል። ውጤቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ብርሃኑ በብዙ እጥፍ የተጠናከረ በመሆኑና ናሙናው ትንሽ በመሆኑ ከካኪዮካው 100 ካሬ ሜትር ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።

ቁጥሮቹን እንዴት እናንብብ?

በዚህ ዘርፍ «በ10 እጥፍ ተሻሻለ»፣ «በ50 እጥፍ ጨመረ» የሚሉ ዜናዎች ይበዛሉ። ከምን ተነሥቶ 10 እጥፍ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል፤ ከምንም ከሚቀርብ ነገር ተነሥቶ 10 እጥፍ መሆን ቀላል ነውና። በብዙ ሙከራዎች ውኃው ውስጥ ሜታኖል ወይም ሌላ ኦርጋኒክ ፈሳሽ ይጨመራል፤ ይህ ፈሳሽ ቀዳዳዎቹን ስለሚቀልባቸው አስቸጋሪው ኦክሲጅን የማውጣት ሥራ ይቀራል፣ ሃይድሮጅኑም ይንዠቀዠቃል። እንዲህ ያለው ሙከራ ቁሱን ለማጥናት ይጠቅማል፤ ሆኖም ሜታኖል ራሱ ነዳጅ ስለሆነ «ከውኃና ከፀሐይ ብቻ ነዳጅ ተገኘ» ለማለት አያበቃም።

ሌላው የተለመደ ማሳያ ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ነው። በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም ያሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚጀምሩት በዚህ ነው፤ መሣሪያው ርካሽ፣ ውጤቱ በዓይን የሚታይ ነውና። ሰማያዊው ውኃ ከዱቄቱ ጋር እየተማሰለ ብርሃን ሲያርፍበት በየሩብ ሰዓቱ የተቀዳው ናሙና እየገረጣ ይሄዳል፤ ናሙናዎቹ በተርታ ሲቀመጡ ከጥልቅ ሰማያዊ እስከ ጥሩ ውኃ ድረስ የደረጃ መልክ ይሠራሉ። ደስ የሚል እይታ ነው። ነገር ግን ቀለሙ ራሱ ብርሃን ይውጣል፤ የዋጠውንም ለዱቄቱ ያቀብላል፤ ስለዚህ መገርጣቱ የዱቄቱ ችሎታ ይሁን የቀለሙ ለመለየት ያስቸግራል። ቀለም ያገረጣ ሁሉም ውኃ አይሰነጥቅም። መጠየቅ ያለበት ንጹሕ ውኃ፣ እውነተኛ የፀሐይ ብርሃን፣ ከመቶ ስንት፣ ለስንት ሰዓት የሚለው ነው።

ሐቀኛ ለመሆን ተፎካካሪውንም መጥቀስ ያስፈልጋል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ የሶላር ፓነል ከፀሐይ 20 በመቶ ገደማ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ያ ኤሌክትሪክ ውኃ ወደሚሰነጥቅ ኤሌክትሮላይዘር ሲሄድ ከጠቅላላው ከ12 እስከ 14 በመቶ የሚሆነው ሃይድሮጅን ውስጥ ይገባል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 በዚህ መንገድ 30 በመቶ ተደርሷል። ፎቶካታሊስት የሚመካበት ርካሽነቱ ነው፤ ዱቄት ቀብቶ ውኃ ማፍሰስ ፓነልና ኤሌክትሮላይዘር ከመግዛት ይቀላል። ርካሽነቱ ግን ትርጉም የሚኖረው ውጤቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲደርስና ሉሁ ለዓመታት ሲያገለግል ነው ብዬ አምናለሁ፤ አለዚያ መሬቱ፣ መስተዋቱና ቱቦው ብቻ ትርፉን ይበሉታል።

የደኅንነት ጉዳይም አለ። ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ከአንድ ሉህ ላይ ተቀላቅለው ስለሚወጡ ጋዙ ፈንጂ ነው። በካኪዮካ ጋዙ ከሰሌዳው ሲወጣ በቀጫጭን ባዶ ክሮች በተሠራ ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ ሃይድሮጅኑ ከኦክሲጅኑ በፍጥነት ስለሚያልፍ 94 በመቶ ገደማ ንጽሕና ያለው ሃይድሮጅን ተሰብስቧል። ተመራማሪዎቹ ጋዙን ሆን ብለው ለኩሰውም ሰሌዳው አለመሰበሩን አረጋግጠዋል፤ የመስተዋቱና የሉሁ ክፍተት አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሆነችው ፍንዳታ ጉልበት እንዳያገኝ ጭምር ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ወደሚዳሰስ ነገር እንለውጣቸው። በኢትዮጵያ አንድ ካሬ ሜትር መሬት በአማካይ በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የፀሐይ ኃይል ያገኛል። 100 ካሬ ሜትር 500 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። በ0.76 በመቶ ከዚህ የሚገኘው ሃይድሮጅን በቀን 115 ግራም አካባቢ ነው፤ በ10 በመቶ ቢሆን 1.5 ኪሎ ይሆናል፤ የሚፈጀው ውኃም ከአንድ ጀሪካን አይሞላም። ዩሪያ ለመሥራት አሞኒያ፣ አሞኒያ ለመሥራት ሃይድሮጅን ያስፈልጋል፤ 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ለ10 ኪሎ ዩሪያ ይበቃል፤ አሞኒያውን ለማዋሐድ ከፍተኛ ግፊትና ሙቀት፣ ዩሪያውን ለመሥራት ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመሩ ሳይረሳ። እንግዲህ በካኪዮካ በታየው ውጤት ለአንድ የ50 ኪሎ ዩሪያ ጆንያ የሚሆነውን ሃይድሮጅን ለማግኘት ያ 100 ካሬ ሜትር ሰሌዳ 43 ቀን ያህል ፀሐይ መሞቅ ይኖርበታል። 10 በመቶ ላይ ሲደርስ ያው ጆንያ ከሦስት ቀን ጥቂት ባለፈ ጊዜ ይሞላል።